አንድ ጨርቅ፣ አራት ቁመና፦ የሙሽራና የሚዜ ኮት የሥራ ማስታወሻ፣ ባሕር ዳር

ኅዳር ሦስተኛ ሳምንት፦ ትእዛዝና ልኬት

ትእዛዙ ለጥር ሠርግ አራት ሙሉ ልብስ ነው፤ አንድ ሙሽራ፣ ሦስት ሚዜ። በስልክ የመጣው ፎቶ ባለ ስድስት ቁልፍ ደብል ብረስት (ፊቱ ተደራርቦ ቁልፉ በሁለት ረድፍ የሚሆን ኮት) ያሳያል። የሙሽራው አጎት ቃል አጭር ነው፦ "አራቱም ልክ እንደዚህ ይሁንላቸው።" ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ቁመታቸውም ውፍረታቸውም ተቀራራቢ ነው። የእኛዎቹ ግን አይቀራረቡም። ስለዚህ ፋሽኑ አልተቆረጠም፤ መጀመሪያ ልኬት።

ሙሽራው፦ ቁመት 175፣ ደረት 98፣ ወገብ 82 ሴ.ሜ። ቀኝ ትከሻው ከግራው 1 ሴ.ሜ ዝቅ ይላል።

ረጅሙ ሚዜ፦ ቁመት 186፣ ደረት 92፣ ወገብ 76። አንገቱ ረዘም፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ።

አጭሩ ሚዜ፦ ቁመት 164፣ ደረት 106፣ ወገብ 108። ሆዱ ወደ ፊት ስለሚመዝን ሲቆም ደረቱን ወደ ኋላ ይለጥጣል።

ጂም የሚሠራው ሚዜ፦ ቁመት 172፣ ደረት 112፣ ወገብ 84። ትከሻው ሰፊ፣ ዳሌና ጭኑ ሙሉ።

ቁመትን ብቻ ያየ ሰው ረጅምና አጭር ብሎ ያልፋል። ለኮት የሚያስፈልገው ግን ወገብ ከደረት ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። ሙሽራውና ረጅሙ 16፣ ጂም የሚሠራው 28፣ አጭሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 2። ተሰፍቶ የሚሸጥ ኮት አብዛኛውን ጊዜ 15 ገደማ ልዩነት ይዞ ነው የሚቆረጠው። ጂም የሚሠራ ሰው ሱቅ ገብቶ ደረቱን የሚችል ኮት ሲያገኝ ወገቡ ላይ የሚንዘላዘልበት፣ ሆዳም ሰው ደግሞ ሆዱን የሚከድን ሲያገኝ ትከሻው ከክንዱ ላይ የሚወርድበት ምክንያት ይኸው ነው።

አለካኩ፦ ሠርጉ ቀን የሚደረገው ሸሚዝና ጫማ ተደርጎ፣ ኪስ ባዶ ሆኖ፣ ሰውየው እንደ ልማዱ ቆሞ። "ቀጥ በል" ማለት ክልክል ነው። ቀጥ ያለ ሰው የሚለካው ለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው፤ ኮቱ የሚለበሰው ግን በተለመደው አቋቋሙ። ከአንገት ጀርባ፣ ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት፣ እስከ ወገብ ከኋላ ይለካል። ከዚያው አጥንት ተነሥቶ በትከሻ ላይ አልፎ እስከ ወገብ ከፊት ይለካል። የሁለቱ ልዩነት አቋቋሙን ይናገራል። ጎባጣ ሰው ከኋላ ይረዝማል፣ ከፊት ያጥራል። ሆዱ ወደ ፊት የሆነ ሰው ተቃራኒው ነው። ወገቡ ላይ ስስ ገመድ ይታሰራል፤ አለዚያ ሁለቱ ልኬቶች አንድ ቦታ አያርፉም።

የኮት ርዝመት መነሻው ከዚያው የአንገት አጥንት እስከ መሬት ያለው ግማሽ ነው። ሙሽራው 75፣ ረጅሙ 80፣ አጭሩ 70፣ ጂም የሚሠራው 74 ወጥቷል። ይህ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ኮቱ መቀመጫን መሸፈን አለበት፣ ከዚያ በታች መውረድ የለበትም።

ለወገብ ልኬት ማሳሰቢያ፦ የነቢያት ጾም ገብቷል። አሁን የተለካ ወገብ ከገና በኋላ ያንኑ ላይሆን ይችላል። ጎን ስፌት ላይ በእያንዳንዱ በኩል 2.5፣ ጀርባ መካከል 2.5፣ ትከሻ ላይ 2 ሴ.ሜ ትርፍ ይተዋል። ወገብ ከገና በኋላ ዳግም ይለካል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ጨርቅ

ጥቁር ሰማያዊ፣ ሱፍና ፖሊስተር የተቀላቀለ፣ ወርዱ 150 ሴ.ሜ። የሜትሩ ዋጋ በየሱቁና በየሳምንቱ ስለሚለያይ እዚህ የሚመዘገበው በሜትር ነው።

ለኮትና ሱሪ፦ ሙሽራው 3.2 ሜትር፣ ረጅሙ 3.4፣ አጭሩ 3.3፣ ጂም የሚሠራው 3.3። ድምሩ 13.2 ሜትር፤ የተገዛው 14። ለደብል ብረስት ቢሆን ፊቱ ስለሚደራረብ ለእያንዳንዱ 20 እስከ 30 ሴ.ሜ ይጨመር ነበር። አራት ማዕዘን ወይም ሰፊ መስመር ያለው ጨርቅ ከሆነ መስመሮቹን ለማገጣጠም ሌላ ጭማሪ አለ።

አራቱም ከአንድ ጥቅል መቆረጥ አለባቸው። ሁለት ጥቅሎች አንድ ቁጥርና አንድ ስም ቢኖራቸውም ቀለማቸው በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። ሱቅ ውስጥ በአምፖል አይታወቅም፤ አራት ሰዎች ጣና ዳር ተሰልፈው ፎቶ ሲነሡ ይታወቃል። ስለዚህ 14 ሜትር ያልቀረው ጥቅል ጥሩ ቢሆንም ይታለፋል።

ከሱቅ በር ወጣ ብሎ ጨርቁን ፀሐይ ላይ መዘርጋትም የግድ ነው። ፖሊስተሩ የበዛ ጨርቅ በቀትር ፀሐይ ያብረቀርቃል፤ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ደግሞ ሆድና ደረት ላይ ያለውን ክብነት ሁሉ ያወጣዋል። ሌላ ፈተና፦ ጨርቁን ጨብጦ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይዞ መልቀቅ። ሽብሽቡ በአብዛኛው ከተፈታ ይያዛል፤ እንደ ወረቀት ተጨማድዶ ከቀረ ይመለሳል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥርም ቀትሩ ይሞቃል። በካሬ ሜትር ከ280 ግራም በላይ የሆነ ጨርቅ ለዚህ ሠርግ አይሆንም። ገበሩ ቪስኮስ ነው፤ ፖሊስተር ገበር ላብ አያሳልፍም፣ ሸሚዙንም ጀርባ ላይ ይለጥፈዋል። ለእያንዳንዱ ኮት 1.6 ሜትር ገበር። ጀርባው ላይ ግማሽ ገበር ብቻ ይደረጋል፦ ከትከሻ እስከ ብብት በታች። ግማሽ ገበር ሥራ የሚቀንስ የሚመስለው ሰው አለ። ውስጡ ያለው ስፌት ሁሉ ስለሚታይ ጠርዙ በሙሉ በገበር ቀጭን ቁራጭ መከበብ አለበት፤ እንዲያውም ሥራው ይበዛል።

ከመቆረጡ በፊት ጨርቁ በእንፋሎት ካውያ፣ ሳይጎተት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተኩሶ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድሯል። ሱፍ ያለበት ጨርቅ የሚኮማተረውን አሁን ይኮማተር። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ በሚተኮስበት ቀን እጅጌው ያጥራል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ ሙከራ በአቡጀዲ

ውድ ጨርቅ ከመነካቱ በፊት አራቱም በአቡጀዲ ተቆረጡ። ኪስ የለ፣ ገበር የለ፣ እጅጌ አንድ ብቻ። አቡጀዲ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚመረጠው፤ ነጭ ስለሆነ ሽብሽቡ ይታያል፣ በእስኪርብቶም ይጻፍበታል።

መጀመሪያ የተሞከረው የተጠየቀው ነው፦ ደብል ብረስት ለአራቱም።

ረጅሙ ላይ አማረ። ተደራራቢው ፊት ደረቱን ሞላው፣ ረጅሙን ቁመት በአግድም ቆረጠው። ሙሽራው ላይም መጥፎ አልነበረም።

አጭሩ ላይ ስድስቱ ቁልፎች በሁለት ረድፍ ሆዱ ላይ ተዘረጉ። ሁለት ድርብ ጨርቅ፣ ሁለት ድርብ ማጠንከሪያ፣ በመካከሉ ገበር፤ ውፍረት የማያስፈልገው ቦታ ላይ ውፍረት ተጨመረ። ሲቀመጥ ፊቱ ተነሥቶ አገጩ ሥር ደረሰ። ደብል ብረስት ደግሞ ተከፍቶ አይለበስም፤ ሲከፈት ትርፉ ጨርቅ በሁለቱም ጎን ይንጠለጠላል። ሠርግ ሙሉ ቀን ነው፤ ይበላበታል፣ ይጨፈርበታል።

ጂም የሚሠራው ላይ ደረቱ ያለ ምንም እርዳታ ሰፊ ነው። ተደራራቢው ፊት ከደረቱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ 28 ሴ.ሜ የገባው ወገብ ጠፋ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ በርሜል ሆነ።

አጎትየው መጥተው አቡጀዲውን በአጭሩ ሚዜ ላይ አዩት። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። "እንግዲያውስ ለረጅሙና ለሙሽራው ብቻ አድርጉት" የሚል ሐሳብ መጣ፤ እሱም ተፈትሾ ቀርቷል። ሚዜ ከሙሽራ እኩል ወይም በልጦ መታየት የለበትም። ሙሽራው ብቻ ይልበስ ቢባል ደግሞ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ስለሚል የሁለቱ ረድፍ ቁልፎች መስመር ዘንበል ይላል፤ አንድ ረድፍ ሲሆን ግን ይሸሸጋል።

ውሳኔ፦ አራቱም ባለ አንድ ረድፍ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ። ጨርቁ፣ ቁልፉ፣ ገበሩ አንድ። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ልብስ ነው። ርዝመት፣ የትከሻ ስፖንጅ፣ የላፔል (ከኮሌታው ቀጥሎ ደረት ላይ የሚገለበጠው ክፍል) ስፋት፣ የቁልፍ ከፍታ፣ ኪስና የጀርባ ስንጥቅ ግን እንደየሰውየው።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ ለማን ምን

ትከሻ መጀመሪያ። ሌላው ሁሉ ተፈትቶ ይሰፋል፤ ትከሻ ግን እጅጌው ወጥቶ፣ ኮሌታው ተፈትቶ፣ ገበሩ ተከፍቶ ነው የሚታረመው፤ ኮቱን ግማሽ መንገድ እንደገና መሥራት ነው። ስፌቱ የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ካለፈ ከሥሩ እጅጌው ላይ ጉድጓድ ይታያል። ካነሰ የክንዱ ጡንቻ ጨርቁን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ረጅሙ ላይ ስፖንጁ 1 ሴ.ሜ ውፍረት። አንገቱ ረዥም ስለሆነ ከፍ ያለ ትከሻ ያሳጥረዋል። ኮሌታውም ከተለመደው 0.5 ከፍ ብሎ ተቆርጧል። አጭሩ ላይ 0.5 ብቻ፤ አንገቱ አጭር ስለሆነ ወፍራም ስፖንጅ ጭንቅላቱን ትከሻው ውስጥ ይከተዋል። ለአጭር ሰው "ትከሻ ይሰጠው" ብሎ ስፖንጅ መደራረብ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። ጂም የሚሠራው ላይ ስፖንጅ የለም፤ የእጅጌውን አናት የሚደግፍ ቀጭን የሱፍ ቁራጭ ብቻ። ሙሽራው በግራ 0.6፣ በቀኝ 1.2።

ላፔል። መለኪያው ከኮሌታ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለው ርቀት ነው፤ የላፔሉ ሹል ግማሹ አካባቢ ቢያርፍ ሚዛኑን ይጠብቃል። ጂም የሚሠራው 9.5 ሴ.ሜ፣ አጭሩ 9፣ ሙሽራው 8.5፣ ረጅሙ 8። ሰፊ ደረት ላይ 6 ሴ.ሜ ላፔል ቢደረግ ደረቱ የሚያክለውን አጥቶ ይበልጥ ይሰፋል። የሙሽራው ላፔል ጫፉ ወደ ትከሻ የሚያመለክት ሹል ነው፤ የሚዜዎቹ የተለመደው ባለ ኩርባ። ሙሽራውን ከሚዜ የሚለየው ይኸው ብቻ ነው፤ በቂም ነው።

የላይኛው ቁልፍ ከፍታ። ሙሽራውና ጂም የሚሠራው ከእምብርት 2 ሴ.ሜ በላይ። ረጅሙ 1 በላይ። አጭሩ 3 በላይ፤ ሆዱ በጣም ከሚወጣበት ነጥብ ላይ ቁልፍ ቢደረግ ሲተነፍስ ሁሉ ይጎተታል። እንዲህ ከፍ ሲል ቁልፉ የሚይዘው ሆዱን ሳይሆን ከሆዱ በላይ ያለውን ነው፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅ በነፃ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ከፍ ማለት ግን አይገባም፦ ላፔሉ መካከል ያለው ክፍተት ያጥርና ሰውየውም ያጥራል።

ኪስ። ረጅሙ ክዳን ያለው ቀጥ ያለ ኪስ፤ ዳሌው ላይ ትንሽ ሙላት ይሰጠዋል። አጭሩና ጂም የሚሠራው ክዳን የሌለው ቀጭን አፍ። ሙሽራውም ክዳን የለውም። ደረት ኪስ ለሁሉም በግራ፣ 10.5 ሴ.ሜ አፍ።

የጀርባ ስንጥቅ። መቀመጫው ሙሉ የሆነ ሰው ላይ የመካከል ስንጥቅ ይከፈታል፤ የተከፈተ ስንጥቅ ደግሞ ሱሪውን ያሳያል። ስለዚህ ጂም የሚሠራው፣ አጭሩና ሙሽራው ሁለት የጎን ስንጥቅ፣ 22 ሴ.ሜ ገደማ። ረጅሙ መቀመጫው ጠፍጣፋ ነው፤ አንድ የመካከል ስንጥቅ ይበቃዋል።

ርዝመት። አጭሩ ከመነሻው 1 ቀንሶ 69 ተደርጓል፤ ኮት ባጠረ ቁጥር እግር ይረዝማል፤ ነገር ግን 69ም መቀመጫውን ይሸፍናል፤ ከዚያ በታች ቢቀነስ ሆዱ ከሥር የተቆረጠ ይመስላል። ረጅሙ 80 እንዳለ። ብዙ ቀጫጭን ወጣቶች አጭር ኮት ይጠይቃሉ፤ 186 ላይ አጭር ኮት ቁመቱን ሁሉ እግር ያደርገዋል።

ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት፦ መቁረጥና ማጠንከሪያ

ሁሉም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ተዘርግቶ ተቆረጠ። ግማሹን ገልብጦ መቁረጥ ጨርቅ ይቆጥባል፤ ግን ብርሃን ሲመታው ፊቱና ጀርባው ሁለት ቀለም ይሆናሉ።

የአጭሩ ፊት በተለየ መንገድ ነው የተቆረጠው። ሆድ ክብ ነው፤ ጠፍጣፋ ጨርቅ ክብ ነገር ላይ ሲወርድ ጠርዙ ይበታተናል። መፍትሔው ኪሱ አፍ ላይ ነው፦ ጨርቁ በኪሱ መስመር በአግድም ይቀደዳል፣ 1 ሴ.ሜ ተደርቦ ይሰፋል፣ ስፌቱም ኪሱ ውስጥ ይሸሸጋል። በዚህ ፊቱ ሆዱን አቅፎ ከሥሩ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከፊት ያለው ዳርት (ጨርቁን ለማጥበብ ታጥፎ የሚሰፋው) ግን ተቀንሷል፦ 0.4 ብቻ። ሆዳም ሰው ላይ ትልቅ ዳርት መስፋት ሆድ ያለበትን ቦታ ማጥበብ ነው።

የጂም ሠሪው 28 ሴ.ሜ ልዩነት በጎን ስፌት ብቻ አይወሰድም። ሙሉ በሙሉ ከጎን ቢወሰድ ኪሱ ላይ መጎተት፣ ስንጥቁ ላይ መከፈት ይመጣል። ተከፋፍሏል፦ ፊት ዳርት በእያንዳንዱ 1.2፣ ከብብት ሥር ዳርት 1፣ ጎን ስፌት፣ ጀርባ መካከል 2። ሙሉው 28 ግን አይወሰድም፤ 20 ያህሉ ተወስዶ ቀሪው ልቅነት ሆኖ ይቀራል። ሁሉም ቢወሰድ ኮቱ ከወገብ በታች እንደ ቀሚስ ይነፋል።

ማጠንከሪያ። ደረቱ ላይ ካንቫስ (በጨርቁና በገበሩ መካከል የሚገባ ጠንካራ ጨርቅ)፣ ላፔሉና ጠርዙ ላይ በካውያ የሚለጠፍ። የሚለጠፈው 140 ዲግሪ አካባቢ፣ 12 እስከ 15 ሰከንድ፣ ካውያው ሳይንሸራተት ተጭኖ፣ ተነሥቶ፣ ቀጥሎ ባለው ቦታ ተጭኖ። የሙከራ ቁራጭ ላይ አረፋ ወጣ። ምክንያቱ፦ መብራት በመካከል ሄዶ ሲመለስ ካውያው በደንብ ሳይሞቅ ሥራው ቀጠለ፤ ሙጫው ግማሹ ቀለጠ፣ ግማሹ አልቀለጠም። አረፋ አንዴ ከወጣ እንደገና በመተኮስ አይጠፋም፤ ከታጠበ ወይም ላብ ከነካው ይብሳል። ከዚያ በኋላ የተወሰደው ደንብ፦ መብራት በሄደ ቁጥር የሚለጠፍ ሥራ ይቆማል፤ መብራት ሲመለስ በቁራጭ ተሞክሮ፣ በጥፍር ተላጦ ታይቶ፣ ከዚያ ወደ ኮቱ። የከሰል ካውያ ስፌት ለመክፈት ይሆናል፤ ለማጠንከሪያ ግን ሙቀቱ አይታመንም። ከተለጠፈ በኋላ ቁራጩ እስኪቀዘቅዝ አይነሣም፤ ትኩስ እያለ የታጠፈ ላፔል እጥፉን ይዞ ይቀራል።

ካውያና ጨርቅ መካከል ሁልጊዜ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አለ። ፖሊስተር ያለበት ጥቁር ጨርቅ ባዶ ካውያ ሲነካው ያብለጨልጫል፣ ያ አይለቅም።

ከገና በፊት፦ የመጀመሪያው የመልበስ ሙከራ

በጊዜያዊ ሰፋፊ ስፌት ተይዘው ለበሱ። ኮሌታ ተይዟል፣ እጅጌ አንድ፣ ቁልፍ በስፒል።

ሙሽራው፦ ከአንገቱ ወደ ቀኝ ብብቱ የሚወርድ አንድ ሰያፍ መስመር። ዝቅ ያለው ትከሻ ነው፤ 0.6 የስፖንጅ ልዩነት አልበቃም። 0.4 ከትከሻ ስፌቱ ቀኝ ጫፍ ተወሰደ፣ የብብቱ ሥርም በዚያው ልክ ወረደ። ስፖንጁን 1.6 ማድረግም ይቻል ነበር፤ ግን ሲነካ ይታወቃል፣ በመልስ ቀን ካባ ሲደረብበትም ቀኙ ይቆለላል።

ረጅሙ፦ ኮሌታው ከአንገቱ 1.5 ሴ.ሜ ራቀ፤ ጀርባው ከታች ተነሣ፣ ፊቱ ተንጠለጠለ። ሰው ብዙውን ጊዜ ኮሌታውን ያጠብቃል። ኮሌታው ጥፋት የለበትም። የጎበጠ ጀርባ ጨርቅ ይበላል፤ ጀርባው ስላጠረ ኮሌታውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ትከሻው ተፈትቶ የጀርባው ቁራጭ ከተተወው ትርፍ 1.2 ወደ ላይ ተለቀቀ። ኮሌታው ሳይነካ አንገቱ ላይ ተቀመጠ።

አጭሩ፦ ሁለት ነገር። ከኮሌታው ሥር በአግድም የተኛ እጥፋት፣ ከፊት ደግሞ ከቁልፉ የሚነሡ አራት መስመሮች፣ ልክ እንደ ኤክስ። እጥፋቱ የመጣው ወደ ኋላ ስለሚለጠጥ ጀርባው ስለ ተረፈው ነው፤ የጀርባው ትከሻ 0.8 ዝቅ ተደረገ። ኤክሱ የጥበት ነው፦ ጎን ስፌት በእያንዳንዱ 1 ተለቀቀ። ከዚያም ፊቱ በታች በኩል ተከፋፍሎ ስለ ተንሸራተተ፣ የፊቱ ትከሻ ከትርፉ 1.3 ተለቆ ወደ ታች ወረደ። አሁን ሁለቱ ጠርዝ ከቁልፉ በታች ጎን ለጎን ይወርዳሉ።

ቀላል መፈተሻ፦ ቁልፉ ተቆልፎ ቡጢ ወደ ውስጥ ከገባ ልቅ ነው፤ መዳፍ ተዘርግቶ ብቻ ከገባ ይሆናል፤ መዳፍም ካልገባ ጠባብ ነው።

ጂም የሚሠራው፦ ወገቡ አምሯል፣ ግን ሁለቱም ስንጥቆች አፋቸውን ከፈቱ። ዳሌው ላይ በእያንዳንዱ ጎን 0.7 ተለቀቀ፤ ወገቡ አልተነካም። ክንዱ ላይ እጅጌው ተጣብቆ ነበር፤ ከእጅጌው የኋላ ስፌት 1 ሴ.ሜ ተለቀቀ።

የእስክስታ ፈተና

ጎጃም ውስጥ ሠርግ ሲባል ትከሻ ይሠራል። ስለዚህ ኮት በመስታወት ፊት ቆሞ ብቻ አይፈተሽም።

አራቱም ኮቱን ቆልፈው ትከሻቸውን እንዲመቱ ተደረገ። የብብት ዙሪያ ከብብት 2 ሴ.ሜ ብቻ ዝቅ ያለበት ኮት ገላው ቦታው ላይ ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሰው እጅጌው ነው። 4 እና 5 ሴ.ሜ ዝቅ ያለ ብብት ግን ክንድ በተነሣ ቁጥር ኮቱን በሙሉ ይዞ ይነሣል፤ ላፔሉ ይገለበጣል፣ ሸሚዙ ከሱሪው ይወጣል። ብዙ ሰው ብብት ሲጠብቀው "ዝቅ ይደረግልኝ" ይላል። መደረግ ያለበት ከፊት በኩል 0.3 ወይም 0.5 መቁረጥ ነው እንጂ ወደ ታች መቁረጥ አይደለም። ዝቅ የተደረገ ብብት ደግሞ ተመልሶ አይሞላም።

ጂም የሚሠራው ላይ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ጀርባው ተወጠረ። በእያንዳንዱ ብብት ጀርባ 0.6 ሴ.ሜ ተጨማሪ ልቅነት ተለቀቀ። ሲቆም ከብብቱ ኋላ አንዲት ቀጥ ያለች እጥፋት ትታያለች። ይህች እጥፋት ጉድለት አይደለችም፤ ክንዱ ወደ ፊት ሲሄድ የምትከፈተው እሷ ናት። "ትጥፋልኝ" ለሚል ደንበኛ ኮቱን ለብሶ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ማሳየት ይበቃል።

የገበሩ ጀርባም መካከሉ ላይ 2 ሴ.ሜ እጥፋት አለው። ገበር ከጨርቁ እኩል ከተቆረጠ የሚቀደደው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ብብት ሥር።

ከገና በኋላ፦ ወገብ ዳግም

አጭሩ 110፣ ሙሽራው 83። ሌሎቹ ባሉበት። የአጭሩ ጎን ስፌት በእያንዳንዱ 0.5 ተለቀቀ፤ ከተተወው 2.5 አሁንም 1 ይቀረዋል። የሙሽራው ሳይነካ አለፈ፤ 1 ሴ.ሜ ልቅነቱ ይችላታል።

ከዚህ በኋላ ቋሚ ስፌት።

እጅጌ የገባው ትከሻው ካለቀ በኋላ ነው። ክንዱ ወደ ፊት የሚንጠለጠል ሰው ላይ እጅጌው ቀጥ ብሎ ከተሰፋ ከኋላ በኩል ሰያፍ እጥፋት ይወጣል። ረጅሙ ላይ ወጥቶ እጅጌው በብብቱ ዙሪያ 1 ሴ.ሜ ወደ ፊት ተዞረ። የአጭሩ ክንድ በተቃራኒው ወደ ኋላ ነው፤ 0.5 ወደ ኋላ። ርዝመቱ በሁለቱም እጅ ለየብቻ ተለክቷል፤ ሙሽራው ላይ ግራና ቀኝ 0.7 ይለያያሉ። ልኩ የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ 1 ሴ.ሜ ያህል የሚታይበት ነው። የእጅጌ ጫፍ ውስጥ 4 ሴ.ሜ ታጥፎ ተቀምቅሟል፤ ወደፊት ማስረዘም ለሚፈልግ።

የቁልፍ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ፣ ሰውየው ለብሶ ምልክቱ ዳግም ታይቶ። የተቀደደ ቀዳዳ አይሰፋም። ቁልፉ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ አይሰፋም፦ ከሥሩ ክብሪት ተደርጎ ይሰፋና ክብሪቱ ሲወጣ የቀረው ክር ይጠመጠማል፤ 3 ሚ.ሜ ያህል አንገት ይኖረዋል። ያ አንገት ከሌለ ቁልፉ የላይኛውን ጨርቅ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ኮቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጠባብ ይመስላል።

ጥር መጀመሪያ፦ ማስረከቢያ

አራቱም ጎን ለጎን ቆመው ታዩ። የቁልፎቹ ከፍታ ከመሬት ሲለካ አራት ዓይነት ነው፤ በየሰውየው ወገብ ላይ ግን አንድ ቦታ ላይ ያረፈ ይመስላል። የላፔሎቹ ስፋት በ1.5 ሴ.ሜ ይለያያል፤ ሜትር ይዞ ካልቀረበ በቀር አይታወቅም።

ጥምቀት ከመድረሱ በፊት የተሰጡ መመሪያዎች፦ የታችኛው ቁልፍ አይቆለፍም፤ ኮቱ ሲቆረጥ ለዚያ አልተቆረጠም። ሲቀመጡ ላይኛውም ይፈታል። ስንጥቁን የያዘው ተሻጋሪ ክርና የኪሱ አፍ ስፌት ከመልበስ በፊት ይወጣል። ስልክና የቁልፍ ክምር ውጭ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ጂም የሚሠራው ላይ በተለይ ኪሱ ዳሌው ላይ ስለ ተወጠረ ስልክ ሁሉ ይታያል። መስቀያው ጫፉ ወፍራም እንጨት ይሁን፤ ሽቦ መስቀያ በአንድ ሌሊት ትከሻው ላይ ጉብታ ይሠራል። ከጭፈራ በኋላ ወዲያው ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ነፋስ ባለበት ተሰቅሎ ይደር። ጣና ዳር እርጥበት ስላለ ላብ የያዘ ኮት ፕላስቲክ ውስጥ ከተዘጋ ይሸታል፣ ካንቫሱም ይሻግታል።

የተረፈው ጨርቅ 60 ሴ.ሜ ያህል ነው። ከአራቱ ፓተርኖች (የአቆራረጥ ንድፎች) ጋር በየስሙ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ለአጭሩ ሚዜ ጎን ላይ ማስፊያ፣ ለረጅሙ የእጅጌ ጫፍ ማስረዘሚያ የሚሆን ቁራጭ ይወጣበታል።